ችላ ተብሎ የቆየን አሮጌ ቤት በራስ እጅ ማደስ፦ ከቀለም በፊት ውሃ

ለዓመታት እጅ ያልነካውን አሮጌ ቤት የገዛ ወይም የወረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያምረው ግድግዳ መቀባት ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ለውጡም በዚያው ቀን ይታያል። ይሁን እንጂ ግድግዳው ከውስጥ እርጥብ ከሆነ ቅቡ ወራት ሳይቆይ ተመልሶ ይላጣል፤ ይባስ ብሎም ውሃው ከየት እንደሚገባ ይጠቁም የነበረው እድፍ በቀለሙ ሥር ተሸፍኖ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ ሙያው ግንባታ ያልሆነ ባለቤት ሥራውን በምን ቅደም ተከተል እንደሚይዝ፣ የትኛውን ራሱ እንደሚሠራና የትኛውን ለባለሙያ እንደሚተው ያስረዳል። ከአሮጌ ቤቶች ጉዳት አብዛኛው የሚመነጨው ከሁለት ነገሮች ነው፤ አንደኛው መውጫ ያጣ ውሃ ሲሆን፣ ሁለተኛው የቤቱን አሠራር ሳይረዱ የተደረገ ጥገና ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የማይተናነስ ጥፋት እንደሚያደርስ ብዙ ሰው አይጠረጥርም።

ሳይነኩ መመርመር

ቤቱ ለመኖር የሚያሰጋ ካልሆነ፣ ትልልቅ ሥራዎችን ከመጀመር በፊት ቢያንስ አንድ የዝናብና አንድ የደረቅ ወቅት በውስጡ ማሳለፍ ተገቢ ነው። ምርመራው በዝናብ ቀን ቢደረግ ይመረጣል። ዝናቡ እየወረደ ሳለ ዣንጥላ ይዞ ቤቱን መዞር፣ አሸንዳው የት ጋ እንደሚያፈስ፣ ውሃው መሬት ከደረሰ በኋላ ወዴት እንደሚሄድና የትኛው ግድግዳ እንደሚረጥብ መመልከት፣ ቀጥሎም የእጅ ባትሪ ይዞ ከኮርኒሱ በላይ መውጣት ያስፈልጋል። እዚያ ባትሪውን ለጥቂት ደቂቃ አጥፍቶ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ቢቆዩ፣ ብርሃን የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ራሳቸውን ያሳያሉ። የታየው ሁሉ በቤቱ ንድፍ ላይ ከነቀኑ ይመዝገብ፤ ፎቶግራፍም ይነሳ። ንድፉ የተዋበ መሆን አይጠበቅበትም፤ ክፍሎቹ የሚለዩበት በእጅ የተሣለ ወረቀት ይበቃል።

እንጨትን ለመመርመር ከሹል ወስፌ የተሻለ መሣሪያ የለም። ወራጆች ግድግዳው ላይ የሚያርፉበትን ጫፍ፣ የወለል ተሸካሚዎች ወደ ግንቡ የሚገቡበትን ቦታና የበርና የመስኮት መቃን የታችኛውን ጫፍ በወስፌው ወጋ ወጋ እያደረጉ መሄድ ነው። ጤነኛ እንጨት ወስፌውን ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ አያስገባም፤ ቀና አድርገው ሲፈነቅሉትም ረጅምና ጠንካራ ስንጥር ይሰጣል። የበሰበሰው ግን ወስፌውን ያለ ድምፅ ይውጠዋል፤ የሚወጣውም አጭር፣ በጣት ሲያሹት የሚፈረፈር ቁራጭ ነው። ላዩ በቀለም ተሸፍኖ ደህና የሚመስል መቃን ብዙ ጊዜ በዚህ ፈተና ይወድቃል።

የግድግዳ እርጥበት ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ ከላይ ወይም ከጎን በሚገባ ዝናብ፣ ከመሬት በሚሳብ ውሃ፣ ወይም ከቤቱ ከራሱ አየር። መድኃኒታቸው የተለያየ ስለሆነ ሳይለዩ ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው። ከመሬት የሚሳበው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ብዙም ሳያልፍ ወደ አግድም የተሠመረ መሥመር ይሠራል፤ ከመሥመሩ አካባቢም ነጭ ዱቄት የሚመስል ጨው ይወጣል። ጨው በውሃ ሲታጠብ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ስለሚገባ፣ በደረቅ ቡርሽ ጠርጎ መጣል እንጂ ማጠብ አይገባም። ከአየር የሚመጣውን ለመለየት ደግሞ የግድግዳውን ገጽ አድርቆ የአልሙኒየም ፎይል መለጠፍና አራቱንም ጠርዝ በቴፕ ማሸግ ነው። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ወደ ክፍሉ በሚያየው የፎይሉ ገጽ ላይ ጤዛ ከታየ ችግሩ የአየር መተላለፊያ ማነስ ነው፤ ግድግዳውን የነካው ገጽ ከረጠበ ግን ውሃው ያለው ከግንቡ ውስጥ ነው።

ስንጥቆች ሰውን ከሚገባው በላይ ያስደነግጣሉ። ከአንድ ሚሊ ሜትር የቀጠነ የልስን ስንጥቅ በአሮጌ ቤት የተለመደ ነው። ቁም ነገሩ ስንጥቁ መኖሩ ሳይሆን መንቀሳቀሱ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች በእርሳስ አመልክቶ ቀን መጻፍ፣ ስፋቱንም በየወሩ እዚያው ቦታ ላይ መለካት ያስፈልጋል። ሸክላ አፈር ላይ የቆመ ቤት በዝናብና በደረቅ ወቅት መካከል ትንሽ ከፈት ገጠም ማለቱ የታወቀ በመሆኑ የአንድ ወር ልኬት ብቻውን አያስፈርድም። ነገር ግን ከ5 ሚሊ ሜትር የሰፋ፣ ከግድግዳው በሁለቱም በኩል የሚታይ፣ ወይም በሮች በድንገት አልገጥም ማለት ከጀመሩበት ጊዜ ጋር የተያያዘ ስንጥቅ ሲገኝ የመዋቅር መሐንዲስ መጥራት ግድ ነው። ተሸካሚ ሊሆን የሚችል ግድግዳ ወይም ምሰሶ ለማንሳት ሲታሰብም እንዲሁ፤ እዚህ ላይ ግምት ቦታ የለውም።

ከማፍረስ በፊት የሚታሰቡ አደጋዎች

አሮጌ ቀለም ሊድ የተባለውን የእርሳስ ማዕድን ሊይዝ ይችላል። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ በሌሎች ብዙ አገሮች ክልከላው ከዚያም ዘግይቶ መጥቷል። ስለዚህ ዕድሜው የማይታወቅ ቅብ ሁሉ በምርመራ ነጻ እስኪባል ድረስ እንደ መርዛማ መቆጠር አለበት። በደረቁ መፋቅም ሆነ በእሳት ነበልባል ማቃጠል ክልክል ነው፤ የመጀመሪያው አቧራውን በቤቱ ሁሉ ይበትነዋል፣ ሁለተኛው መርዙን ወደ ጢስ ይለውጠዋል። በውሃ እያረጠቡ በእጅ መፋቅ፣ ወለሉን በላስቲክ መሸፈን፣ ለአቧራ የተሠራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፣ ልብሱንም ለብቻው ማጠብ ያስፈልጋል። ሊድ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ስለሚጎዳ፣ ይህ ሥራ ሲሠራ ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴቶች በቤቱ ውስጥ ሊገኙ አይገባም።

አስቤስቶስ የተባለው ቃጫማ ማዕድንም በአሮጌ የጣሪያ ሉሆች፣ በቧንቧ መጠቅለያዎችና በአንዳንድ የወለል ንጣፎች ውስጥ ይገኛል። ያልተሰበረና ያልተነካ ከሆነ አደጋው አነስተኛ ነው፤ ሲቆረጥ፣ ሲበሳ ወይም ሲሰበር ግን በዓይን የማይታዩ ቃጫዎች ወደ አየር ይወጣሉ። በሽታው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ የሚመጣ በመሆኑ ሠራተኛው በዕለቱ ምንም አይሰማውም። ጥርጣሬ ካለ ናሙናውን በባለሙያ ማስመርመር፣ ማንሳቱንም ለሠለጠነ ሰው መተው ነው። ኤሌክትሪክም ግድግዳ ከመቆፈር በፊት ከዋናው ይጥፋ፤ መጥፋቱም በመፈተሻ ይረጋገጥ፤ በአሮጌ ቤት ውስጥ የተረሱ መሥመሮች ከማይጠበቅ ቦታ ይወጣሉ።

ውሃውን ማስወጣት

ትክክለኛው ጥገና ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ጣሪያው እያፈሰሰ ክፍሎቹን ማሳመር ዋጋ የለውም፤ ገንዘቡ ለጣሪያ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጣሪያው ይሠራ፣ ሌላው ይቆይ። ለሙሉ እድሳት አቅም እስኪገኝ ድረስም በጣሪያው ላይ በጥብቅ የታሰረ ሸራ ጊዜያዊ ቢሆንም ቤቱን ከብዙ ጥፋት ያድነዋል። ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነ አብዛኛው ፍሳሽ የሚመጣው ከሉሁ መሃል ሳይሆን ከምስማሮቹ ቀዳዳ፣ ከመደራረቢያውና ክዳኑ ከግድግዳ ጋር ከሚገናኝበት መስመር ነው። ምስማሩ ወይም ቡሎኑ ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ሳይሆን በሞገዱ ጀርባ ላይ መመታት አለበት፤ ከሥሩም ቀዳዳውን የሚያሽግ የላስቲክ ቀለበት (ሮንዴላ) ያስፈልገዋል። የተፈታን ምስማር እዚያው ቀዳዳ ላይ መልሶ መምታት አይጠቅምም፤ ወፈር ባለና ሮንዴላ ባለው ብሎን ይተካ። መወጣጫ ሲያቆሙ መሰላሉን ማሰር፣ በዝገት የሳሳ ወይም ያረጀ ክዳን ላይም ሸክም የሚያከፋፍል ሳንቃ ሳያነጥፉ አለመርገጥ የሕይወት ጉዳይ ነው።

አሸንዳ ለአሮጌ ቤት ከሚደረገው ሁሉ ርካሹና ውጤቱ ትልቁ ሥራ ነው፤ ይህን እያወቁ የሚንቁት ሰዎች ብዛት ያስገርማል። የተደፈነ ወይም መጋጠሚያው የተከፈተ አንድ አሸንዳ በየዝናቡ ግድግዳው አንድ ቦታ ላይ ውሃ እያፈሰሰ፣ ከዓመታት በኋላ ያንን ጥግ ብቻ ለይቶ ያፈርሰዋል። ከውስጥ የሚታየው እድፍ ከውጭው ቱቦ ጋር በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ከሆነ፣ ሌላ ምክንያት ከመፈለግ በፊት ቱቦውን ማየት ይበቃል።

መሬቱም ትኩረት ይፈልጋል። በጊዜ ብዛት አፈር እየተከመረ የውጩ መሬት ከውስጡ ወለል እኩል ወይም ከፍ ብሎ የሚገኝባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ትርፉን አፈር ቆፍሮ በማውጣት የውጩ መሬት ከውስጡ ወለል ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል፣ ከግድግዳውም ወዲያ እስከ 3 ሜትር ርቀት ድረስ በ15 ሴንቲ ሜትር ያህል እያዘቀዘቀ እንዲሄድ ማድረግ ይገባል። ቁፋሮው ከመሠረቱ ታች መውረድ የለበትም። ከእንጨት ወለል ሥር አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች በአፈር ወይም በሲሚንቶ ተደፍነው ከተገኙ ይከፈቱ፤ በግድግዳው ዙሪያ የፈሰሰ ኮንክሪትም ውሃን ወደ ግንቡ የሚገፋ ከሆነ ይነሳ።

ከዚህ በኋላ መጠበቅ ይመጣል። ወፍራም ግድግዳ የሚደርቀው በዝግታ ነው፤ በግንበኞች ዘንድ የቆየው ግምት ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል የሚል ነው። በዚህ ስሌት 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንብ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ሊፈልግ ይችላል ማለት ነው። መስኮቶችን እየከፈቱ አየር ማንሸራሸር እንጂ በከባድ ማሞቂያ ማጣደፍ አይመከርም፤ ልስኑን ይሰነጥቀዋል፣ እንጨቱንም ያጣምመዋል።

ግድግዳ፦ ኖራ ወይስ ሲሚንቶ

ፖርትላንድ ሲሚንቶ እ.ኤ.አ. በ1824 በእንግሊዛዊው ጆሴፍ አስፕዲን ስም የፈጠራ መብት ቢሰጠውም፣ በየቤቱ የገባው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። ከእርሱ በፊት የተሠሩ የድንጋይና የሸክላ ግንቦች የተያያዙት በአብዛኛው በኖራ ወይም በጭቃ ነው። እነዚህ ግንቦች ውሃን ሙሉ በሙሉ አያግዱም፤ ዝናብ ሲመታቸው ትንሽ ይጠጣሉ፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ በመጋጠሚያዎቻቸው በኩል መልሰው ያተናሉ። ኖራው ከሸክላው የለሰለሰ በመሆኑ ቤቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ የሚሰነጠቀው፣ ጨው ሲወጣም የሚፈረፈረው እርሱ ነው፤ ተበልቶ ሲያልቅ ይተካል፣ ሸክላው ግን ይተርፋል። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲሞላ ይህ ሥርዓት ይገለበጣል። ውሃው በሲሚንቶው በኩል መውጣት ስለማይችል በሸክላው ገጽ ይወጣል፤ የሸክላው ፊት እየተላጠ ይወድቃል፣ ጠንካራው ሲሚንቶ ብቻ እንደ ጎድን አጥንት ወጥቶ ይታያል። ለጭቃ ግድግዳም ፍርዱ ያው ነው፤ በላዩ የተለሰነ ሲሚንቶ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውሃ ከኋላው ታግቶ ጭቃውን ያሟሟዋል፤ ከውጭ ግን ለረጅም ጊዜ ምንም አይታይም። የጭቃ ግድግዳ በጭድና በጭቃ ይጠገን።

የቆየው ማያያዣ ምን እንደሆነ ለማወቅ ተራ ቁልፍ ይበቃል። መጋጠሚያውን በቁልፉ ጫፍ ሲቧጥጡት ነጣ ያለ ዱቄት ከወረደና በመካከሉ ትንንሽ ነጫጭ የኖራ እንክብሎች ከታዩ ኖራ ነው። ቁልፉ ግራጫ ጭረት ብቻ ትቶ ካንሸራተተ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶውን ሁሉ ለማውጣት መጣደፍ ግን አያስፈልግም፤ ከሸክላው ጋር አጥብቆ የተያዘውን በግድ ማውጣት ሸክላውን ይሰብረዋል። በማይታይ ጥግ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ሞክሮ፣ በቀላሉ የሚለቀውን አውጥቶ፣ እምቢ ያለውን መተው አስተዋይነት ነው። ሥራው በመዶሻና በቀጭን መሮ ይሠራ፤ በኤሌክትሪክ መቁረጫ የተሞከረ እንደሆነ የሸክላዎቹ ጠርዝ መቆረጡ አይቀርም።

መጋጠሚያውን ለመሙላት የላላውን ማያያዣ ቢያንስ የመጋጠሚያውን ስፋት ሁለት እጥፍ በሚሆን ጥልቀት ማውጣት፣ አቧራውን ጠርጎ በውሃ ማርጠብ ያስፈልጋል። ለተለመደው ሥራ አንድ እጅ የተቦካ ኖራና ሦስት እጅ ንጹሕ፣ ደቃቅና ሻካራ ቅንጣት የተቀላቀለበት አሸዋ ይበቃል። ድብልቁ ውሃ መብዛት የለበትም፤ በእጅ ሲጨብጡት ቅርጹን ይዞ መቅረት አለበት። ጥልቅ ቦታ ሲሆን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በንብብር በንብብር እየጠቀጠቁ ይሞላል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሆነና ይህም እርጥበት ስለሚፈልግ፣ ለበርካታ ቀናት በእርጥብ ጨርቅ ወይም ጆንያ እየሸፈኑ ከጠራራ ፀሐይና ከነፋስ መጠበቅ ግድ ነው። ቶሎ የደረቀ ኖራ ጠነከረ ማለት አይደለም፤ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይበናል። ብርዱ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሚወርድበት ጊዜም ሥራው አይጀመር። ለልስንም ይኸው ሕግ ይሠራል፦ ቀጫጭን ንብብሮች፣ በመካከላቸው በቂ ጊዜ፣ ላዩን በፍራታዞ (በልስን ማለስለሻ ሳንቃ) አሽቶ መጨረስ። ኖራ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ከእጅ አይለዩ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ብዙ ንጹሕ ውሃ እያፈሰሱ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ያልበረደ ትኩስ ኖራ ከውሃ ጋር ሲገናኝ በኃይል ስለሚፈላ፣ ጀማሪ የተዘጋጀውን ቢገዛ ይሻለዋል።

እንጨት፣ መስኮትና የተደበቁት መሥመሮች

ከ20 በመቶ በታች እርጥበት ያለው እንጨት በተግባር አይበሰብስም። ስለሆነም ለመበስበስ ዋናው መድኃኒት ኬሚካል ሳይሆን ማድረቅ ነው፤ ውሃው ሳይቆም የሚቀባ መድኃኒት ብላሽ ነው። የእንጨት ነቀዝ ቀዳዳዎች ሲታዩም መጀመሪያ ነቀዙ አሁን በሕይወት መኖሩ ይጣራ፦ አካባቢውን ጠርጎ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ማንጠፍ፣ ከሳምንታት በኋላ አዲስ ዱቄት መውደቁን ማየት። ምስጥ ከሆነ በግድግዳው ላይ የሠራውን የአፈር መተላለፊያ ትንሽ ሰብሮ መመልከት ነው፤ መልሶ ከጠገነው እዚያው አለ፣ ባለሙያም ያስፈልጋል።

የበሰበሰ የበር ወይም የመስኮት ጫፍ ሲገኝ ሙሉውን መጣል አያስፈልግም። የተበላሸውን ቆርጦ፣ ጤነኛው ክፍል እስኪገኝ ድረስ ገባ ብሎ፣ ተመሳሳይ ዓይነትና ተመሳሳይ የቃጫ አቅጣጫ ያለው እንጨት በሰያፍ መጋጠሚያ መቀጠል ይቻላል። ይህ ትዕግሥት ያለው ጀማሪ የሚችለው ሥራ ነው። ጣሪያ ወይም ወለል የተሸከመ እንጨት ሲሆን ግን ድጋፍ ሳይቆምለት አንድ ጥርስ መጋዝ እንዳያርፍበት፤ ቅጥያውንም መሐንዲስ ይወስን።

አሮጌ መስኮት ለእኔ ከቤቱ ሁሉ በችኮላ መጣል የሌለበት ነገር ነው። ብዙዎቹ ዛሬ በቀላሉ ከማይገኝ፣ ቀስ ብሎ ካደገና ጥቅጥቅ ካለ እንጨት የተሠሩ ናቸው፤ የሚበሰብሱትም አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሚያርፍበት የታችኛው አግዳሚ ብቻ ነው። ሲፈቱ እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ይጻፍበት፤ መስተዋቱን የያዘው አሮጌ ስቱኮ በጥንቃቄ ይነሳ፤ ባዶው እንጨት በተልባ ዘይት ከተቀባ በኋላ አዲሱ ይሞላ፤ ላዩ ቆዳ ሲያወጣም ቀለሙ ከስቱኮው አልፎ 2 ሚሊ ሜትር ያህል መስተዋቱ ላይ እንዲወጣ ተደርጎ ይቀባ፤ ውሃን የሚያግደው ያቺ ቀጭን ጠርዝ ናት። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ከቤት ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ በሞላበት ክዳን ያለው የብረት ጣሳ ውስጥ መክተት እንጂ ጥግ ላይ መወርወር ቤት ያቃጥላል።

የኤሌክትሪክና የቧንቧ መሥመሮች ከልስን በፊት መጠናቀቅ አለባቸው። በጨርቅ ወይም በጎማ የተሸፈነ ሽቦ ሽፋኑ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ዘመኑ አልፏል፤ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ሥራውን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ ባለቤቱ ማሟላት የሚገባው የመሬት መሥመርና ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ መኖራቸውን ማረጋገጥ ነው። ዚንክ የተቀባ የብረት ቧንቧ ከውስጥ እየዛገ ስለሚጠብ የውሃው ግፊት ሲቀንስ ዝገት እንደዘጋው መጠርጠር ይገባል። ሲፋቅ እንደ ብር የሚያበራ፣ ለስላሳና ማግኔት የማይዘው ግራጫ ቧንቧ የእርሳስ ነው፤ ለመጠጥ ውሃ የሚያገለግል ከሆነ ይለወጥ።

የቱን መተው፣ የቱን መለወጥ

እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የወጣው የቅርሶች ጥበቃ ቻርተር እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ላይ መቆም እንዳለበት ይደነግጋል። ቻርተሩ የተጻፈው ለሐውልቶችና ለታሪካዊ ሕንፃዎች ቢሆንም ለመኖሪያ ቤትም ይበጃል። የጠፋው የበር ቅርጽ ምን እንደነበር ከጎረቤት ክፍል በር ማየት ከተቻለ እርሱን መከተል፣ ካልተቻለ ደግሞ ያልነበረ ጌጥ ከመፍጠር ቀለል ያለ አዲስ በር መግጠም የተሻለ ነው። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ግን ከማንኛውም ሥራ በፊት የሚመለከተው አካል ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚወልቀው ሁሉ፣ የወለል ጣውላውም፣ ማጠፊያውም፣ እጀታውም፣ ቁጥር ተጽፎበት ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። በችኮላ የተጣለ ማጠፊያ በኋላ ሲፈለግ አምሳያው አይገኝም።

ለወጪው ከተገመተው በላይ ከ10 እስከ 20 በመቶ መጠባበቂያ መያዝ የተለመደ ምክር ነው፤ ለአሮጌ ቤት ወደ ሃያው የቀረበው ይመረጣል፤ ኮርኒሱ ሲወርድና ወለሉ ሲነሳ የሚታየው ነገር በምርመራው ቀን አይታይምና። ሥራውን ክፍል በክፍል ከመጨረስ ይልቅ ደረጃ በደረጃ መያዝ ይሻላል፦ ጣሪያና ውኃ መውረጃ፣ መዋቅር፣ መስኮት፣ መሥመሮች፣ ልስን፣ ቀለም። የሚኖርበት ሰው ሊከፋው ይችላል፤ ቢሆንም አንድ የሚያድሩበት ደረቅ ክፍል ሳይነካ ቢቆይ ኑሮው ይቻላል።

ቀለም ሲደርስም ትነት የሚያሳልፍ መሆን አለበት። በኖራ ለተለሰነ ግድግዳ የኖራ ቅብ ተስማሚ ነው፤ ቀጠን ብሎ በረጠበ ገጽ ላይ በተደጋጋሚ ይቀባል፤ ሲቀባ የሳሳ መስሎ ይታይና ሲደርቅ ይነጣል፣ ስለዚህ እርጥብ ሳለ አነጣለሁ ብሎ ማወፈር አይገባም። የላስቲክ ባሕርይ ያለው የውጭ ቀለም እስካሁን የተደከመበትን ትነት መልሶ ይዘጋዋል። እድሳቱ ካለቀ በኋላ አሸንዳው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ይጠረግ፤ በምርመራው ጊዜ ቀን የተጻፈባቸው ስንጥቆችም በዚያው ዕለት በዚያው ማስመሪያ ይለኩ፤ ልኬቱ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ይጨመር፤ ንድፉም ከኤሌክትሪክና ከቧንቧ መሥመሮቹ ፎቶግራፍ ጋር በቤቱ ውስጥ ይቀመጥ።